እሳት የማይነድበት ሰንበት

ዐርብ ከሰዓት በኋላ በአምቦበር፣ በወለቃ፣ በደምቢያና በሰሜን ተራሮች በነበሩት የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መንደሮች የሴቶች እጅ ይፈጥን ነበር። ወንዶች ከእርሻውም ከወናፉም ቀደም ብለው ተነሥተዋል። ልጆች ወንዝ ወርደው ታጥበዋል፤ ነጭ ልብስ ወጥቷል። እናቶች ግን ገና ከምድጃው አልራቁም። ዳቦው ከምጣድ መውጣት፣ ወጡ መውረድ፣ ለነገ የሚበቃው ውኃ በእንስራ መቀዳት አለበት። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የቤቱ ትልቅ ሴት ምድጃው ዘንድ ቁጢጥ ትልና እሳቱን ታጠፋዋለች፤ ፍም እንኳ አታስተርፍም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ከመንደሩ ጭስ አይወጣም።

የደጋን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ ሕፃኑም ሽማግሌውም በጋቢ ተጠቅልሎ ያድራል፤ እሳት ግን አይነካም። ኦሪት ዘጸአት በሰንበት ቀን በቤት ውስጥ እሳት ማንደድን ይከለክላል፤ ቤተ እስራኤል ደግሞ ትእዛዙን አጥብቀው ስለያዙት አስቀድሞ የነደደውንም ያጠፉታል። ቅዳሜ የሚበላው እንጀራም ወጡም የቀዘቀዘ ነው።

ስለዚህ ሕዝብ የጻፉ ተጓዦችና ምሁራን ብዙ ናቸው። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867፣ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ጎንደር አካባቢ ሲመጡ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቤተ እስራኤል ቄሶች ጋር ተቀመጡ፣ የግዕዝ መጻሕፍቱን አገላበጡ፣ የጸሎቱን ሥርዓት ጠየቁ። ደግ አደረጉ። ነገር ግን ከገበሬውና ከቀጥቃጩ ብዙው ማንበብ አይችልም ነበር። ብራናው ያለው ቄሱ ዘንድ ነው። ቤት ውስጥ ኦሪት ማለት አያት የምታደርገው ነበር፤ የትኛው ሥጋ እንደሚበላ፣ የትኛው ሸክላ እንደሚሰበር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ሴት ስንት ቀን ከቤት እንደምትርቅ የምታውቀው እሷ ናት። አያቶቹን ሳያዳምጡ የዚህን እምነት ታሪክ መጻፍ ግማሹን መተው ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ደግሞ በእስራኤል የሚኖሩት፣ ከኢትዮጵያ የመጡትና እዚያው እስራኤል የተወለዱት ቤተ እስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ በገዛ እጃቸው እሳቱን ያጠፉ የነበሩት ሴቶች በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ በረሆቮት ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቂርያት ሞሼ ሰፈር ይኖራሉ። ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። የልጅ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ሳቭታ፣ አያት፣ ነው የሚሏቸው። ሐሙስ ማታ ቤታቸው ስገባ ሊጥ እያቦኩ ነበር። የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ። ነርስ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ቆማ፣ ከጆንያው እፍኝ ባነሡ ቁጥር ዱቄቱን ሚዛን ላይ እንዲያደርጉት ትለምናቸዋለች። አንዳንዱን እፍኝ ይሰጧታል፤ አንዳንዱን ይረሱና ሳህኑ ውስጥ ይጨምሩታል። ልጅቷ ቁጥሩን በስልኳ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች።

ጎንደር ሳሉ የሰንበት ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎበት ነበር የሚጋገረው። እዚህ ወፍራም ድስት ዘይት ይቀቡና የመጋገሪያ ወረቀት ያነጥፉበታል። ክዳኑን ገጥመው በትንሹ እሳት ላይ ይጥዱታል፤ ታቹ ሲጠና ገልብጠው ጀርባውን ያበስሉታል። በአገር ቤት ዳቦው ቅዳሜ ወደ ጸሎት ቤቱ ተወስዶ ቄሱ ከባረከው በኋላ ሕዝቡ በአንድነት ይቆርሰው ነበር፤ ጠላም ይከተላል። አሁን የሚባረከው እቤት ነው። የበኩር ልጃቸው ዐርብ ማታ እንደ ሌላው አይሁድ ሁሉ በወይን ላይ ኪዱሽ የሚሉትን ቡራኬ ያደርሳል፤ ቀጥሎ ሐላ በሚሉት የሰንበት ዳቦ ፈንታ የእናቱን ድፎ ያነሣል። ይህን ስፍራ ዳቦው በክርክር አላገኘውም። ልጆቹ ለመዱት፣ ወደዱት፣ ሐላ የሚገዛ ጠፋ።

ቤተ እስራኤል ትእዛዘ ሰንበት የሚባል የግዕዝ መጽሐፍ አላቸው። ሰንበት በዚያ መጽሐፍ በመላእክት የምትታጀብ፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ለሚያከብሯት የምትማልድ ሴት ናት። እማማ መጽሐፉን አንብበውት አያውቁም። ዐርብ ጧት ወለሉን ሲጠርጉ ግን «ትምጣ እንጂ፣ እኔስ ጨርሻለሁ» ይላሉ። ማንን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ዐርብ እኩለ ቀን ላይ ወጡ ይጀመራል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ረጅም ሰዓት ይቁላላል፤ ዘይቱና በርበሬው በኋላ ነው። ዶሮው ከሱቅ የተገዛ በረዶ የያዘው ስለሆነ በጨውና በሎሚ ደጋግመው ያጥቡታል። ቅቤ አይገባም፤ ሥጋና ወተት እዚህ ቤት አይገናኙም። ወጡ ሲወርድ ምራታቸው የራሷን ድስት ይዛ ትመጣለች። ወላጆቿ የባግዳድ አይሁድ ናቸው። ድስቷ ውስጥ ያለው ትቢት የሚሉት ምግብ ነው፤ የዶሮ ሆድ በሩዝና በቅመም ተሞልቶ፣ በሌላ ሩዝ ተሸፍኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል ያድራል። የሚያድርበትም ፕላታ የሚባለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ዐርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ይሰካል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ የሚነካው የለም።

ቀዝቃዛ ሰንበትና ትኩስ ሰንበት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ በመካከላቸውም ረጅም ታሪክ አለ። ረቢዎቹ ኦሪት የከለከለው በሰንበት ማንደድን ነው፤ አስቀድሞ በነደደው መጠቀም ይቻላል ብለው ፈረዱ። የረቢዎችን ትርጓሜ የማይቀበሉት ቀራውያን ግን በጨለማ መቀመጥን መረጡ። ስለዚህ በመካከለኛው ዘመን ለረቢዎቹ ተከታዮች የሰንበት ትኩስ ምግብ የእምነት ምልክት እስከ መሆን ደረሰ፤ ትኩስ የማይበላውን ሰው በጥርጣሬ ያዩት ነበር። የምሥራቅ አውሮፓውያኑ ቾለንት፣ የሰሜን አፍሪካውያኑ ዳፊና፣ የባግዳዱ ትቢት ሁሉም በዚያ ሥርዓት የተወለዱ ናቸው። ጎንደር ላይ ያለችው ሴት ስለዚያ ክርክር ምንም አልሰማችም። ከባቢሎን ሊቃውንት ታልሙድ ውጭ፣ በግዕዝ ኦሪቷ ብቻ ኖራ፣ እሳቷን እያጠፋች ሰንበትን አከበረች። ከዚያ እስራኤል መጥታ ወጧ ማሞቂያ ላይ ሲቀመጥ ስታይ ሰዎቹ ሰንበትን የሻሩ መሰላት። እነሱም በበኩላቸው ሰንበትን በብርድና በጨለማ ታሳልፋለች ብለው አዘኑላት። በቅን ልብ የመጡ ሁለት ወገኖች ይህን ያህል መተዛዘባቸው ዛሬም ያሳዝነኛል።

እማማ የደረሱበት መፍትሔ የራሳቸው ነው። ፕላታው በቤታቸው አለ፤ የምራታቸው ትቢትም ለልጆቹ የሚሆነው ዶሮ ወጥም ላዩ ላይ ያድራል። የራሳቸውን ድርሻ ግን ዐርብ ማታ በትንሽ ሳህን ቀንሰው ከማሞቂያው አርቀው ያስቀምጡታል። ቅዳሜ ቀን ሁሉም ትኩስ ሲበላ እሳቸው ቀዝቃዛውን ይበላሉ። ትንሹ የልጅ ልጃቸው ለምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «እናቴ እንዲህ ነው ያሳየችኝ። አንተ የእናትህን ብላ» አሉት።

እናታቸው እስራኤልን አላዩም። እማማ ራሳቸው ልጅ ሆነው ሽመላዎች በሰማይ ሲያልፉ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋቸው እንደነበር፣ ያን ጊዜ ኢየሩሳሌም ከመንደራቸው ማዶ ካለው ተራራ ጀርባ ያለች ትመስላቸው እንደነበር ይናገራሉ። የሴፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አወጁ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስን ሕግ ተፈጻሚ አደረገላቸው። በደርግ ጊዜ መውጫው ጠባብ ነበርና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በእግር ወደ ሱዳን አቀኑ። እማማ ከባላቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአማታቸው ጋር በ1984 ወጡ። ቀን ጫካ ተኝተው ሌሊት ይሄዱ ነበር። ሰንበት ሲገባ ግን መንገዱ ይቆማል፤ መሪው ቢቆጣም ሽማግሌዎቹ አንንቀሳቀስም አሉ።

ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር አይሁድነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በሽታው የከፋ ነበር። አማታቸውን እዚያ ቀበሩ። ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በሱዳን የሞቱት ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል፤ በየዓመቱ በዕብራውያን ኢያር ወር በ28ኛው ቀን ይታሰባሉ። እማማ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገሩም፤ እኔም አላስጨነቅኋቸውም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወጡ፤ ወሬው በአደባባይ ሲነገር በረራው ተቋረጠ። እሳቸው ከመቋረጡ በፊት ከወጡት ናቸው።

እኅታቸው የመጡት ከሰባት ዓመት በኋላ በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ፤ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተሳፍሮ ነበር። ቀኑ ዐርብና ቅዳሜ ነው። በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ ቄሶቹም ረቢዎቹም በዚህ አልተጣሉም። እኅታቸው ግን ሰባት ቀን በሰባት ቀን እሳት ሲያጠፉ የኖሩ ሴት ሰንበትን በአየር ላይ ማሳለፋቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነከናቸው። «ዳቦዬን እንኳ ሳልጋግር» ይሉ ነበር።

እስራኤል መድረስ በራሱ ሌላ ፈተና ነበር። መርካዝ ክሊታ በሚሉት መቀበያ ጣቢያ ባለሥልጣኖቹ ለልጆቹ የዕብራይስጥ ስም ሰጡ፤ አያት ያወጣችው ስም በወረቀት ላይ ቀረ። ሥጋ ሲቀርብላቸው ማን እንዳረደው ስለማያውቁ እማማ ለብዙ ጊዜ አልበሉም። በአገር ቤት የጎረቤት ክርስቲያን ወይም እስላም ያረደውን አይቀምሱም ነበር፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተነካክተው ሲመለሱ ይታጠቡ ነበር። ጎንደር ላደግነው «አትንኩኝ» የሚለው ነገር የመራራቅ ምልክት ይመስለን ነበር፤ ከእኛ ወገን «ቡዳ» የሚለው ስም ምን ያህል እንዳራቃቸው ግን አንጠይቅም ነበር። ርስት የተነፈጉት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የኖሩት፣ ማረሻችንንና ማሰሮአችንን የሠሩልን እነሱ ናቸው። ይህን የምጽፈው በሙሉ ኀፍረት ነው።

ከዚያም ዋናው ረቢነት ቤተ እስራኤል ከማግባታቸው በፊት በውኃ መንጻት እንዳለባቸው ጠየቀ፤ አይሁድነታቸው ጥርጥር አለበት ማለት ነው። በ1985 ሰዎቹ ከረቢነቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጥተው ለሳምንታት ተቀመጡ። እማማም ታናሹን ልጃቸውን አዝለው እዚያ ነበሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ ከውኃ ያልተለዩ ሴት፣ ወር በመጣ ቁጥር ወንዝ ወርደው ሲነጹ የኖሩ፣ እንደገና ንጹ ሲባሉ የተሰማቸውን እኔ ልገልጸው አልችልም።

የሴቶቹን ንጽሕና በተመለከተ ከአዲሲቱ አገር ጋር የማይገጥም ሌላም ነገር ነበር። በእያንዳንዱ የቤተ እስራኤል መንደር ዳር በድንጋይ ክብ የታጠረ ጎጆ ይቆም ነበር፤ የመርገም ጎጆ ይባላል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ሰባት ቀን እዚያ ትቆያለች። ስትወልድ ደግሞ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤቷ ትርቃለች፤ ኦሪት ዘሌዋውያን እንደሚለው። ምግብ ከድንጋዩ አጥር ውጭ ሆነው ያቀብሏታል። ከውጭ የሚያይ ሰው ጭቆና ብቻ ሊያይበት ይችላል፤ ብርድና ፍርሃትም ነበረበት፤ እማማ ይህን አይክዱም። ግን ወፍጮም እንጨትም የማይነካበት፣ እኅትና ጎረቤት የሚገናኙበት፣ ወጣቷ ከታላቋ ስለ ወሊድና ስለ ባል የምትማርበት ቦታም ያ ብቻ ነበር ይላሉ። ፎቅ ላይ ጎጆ አይሠራም። አንዳንድ ሴቶች በረንዳውን ወይም አንዱን ክፍል ለየት አድርገው ሞከሩ፤ አልዘለቀም። እማማ ሁለቱንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገሩት፤ ሴት ልጆቻቸው በዚያ ብርድ ባለማደራቸው ደስ እንዳላቸው፣ ሴት ልጆቻቸው ምንም እንዳልጠየቋቸው።

ስለ ፋሲካ ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ይበራል። ወንዶቹ ሥርዓቱን የመሩት በዓል ነው፤ በጉ የሚታረደው በጸሎት ቤቱ ነው፤ የግብጽ መውጣት ታሪክ የሚነበበው በቄሱ ነው። ሥራው ግን የሴቶች ነበር። እርሾ የነካው ሁሉ ይወገዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የተበላበትና የተጠጣበት ሸክላ ወጥቶ ይሰበራል፤ ለበዓሉ አዲስ ይሠራል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ጥብቅ ሃይማኖተኝነት ብቻ ያዩታል። እኔ ሌላም ነገር አያለሁ። አንድ መንደር በሙሉ ዕቃውን ሰብሮ በሌላ መተካት የሚችለው ሸክላ ሠሪዎቹ የራሱ ሴቶች ሲሆኑ ነው። ጭቃውን የሚቆፍሩት፣ የሚያሹት፣ የሚተኩሱት እነሱ ናቸው። ዕቃውን ከጎረቤት የሚገዛ ሕዝብ እንዲህ ያለ ልማድ አይኖረውም። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ለጎብኚ የሚሸጡት ትናንሽ የሸክላ ምስሎች የዚያ ሙያ ቅሪት ናቸው።

በፋሲካ ሳምንት እንጀራ የለም፣ ጠላ የለም፣ እርጎና አይብ የለም። ለቤተ እስራኤል የተከለከለው የቦካ፣ የኮመጠጠ ነገር ሁሉ ነው፤ ያደረ ምግብም አይበላም። የስንዴ ወይም የሽምብራ ቂጣ በየዕለቱ ትኩስ ይጋገራል። ረቢዎቹ ግን እርሾን የሚቆጥሩት በአምስት የእህል ዓይነቶች ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው። ጤፍ ከአምስቱ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ነው የእማማና የምራታቸው የየዓመቱ ክርክር የሚነሣው። ምራታቸው እንደ ባግዳድ ልማድ በፋሲካ ሩዝ ትበላለች፤ ጤፍም በሕጉ መሠረት እርሾ ስላልሆነ እንጀራ ቢጋገር ምን ችግር አለው ትላለች። እማማ ጣታቸውን ወደ ሊጡ ይቀስራሉ። «አረፋውን አታዪም? ሲፈላ አትሰሚም?» ለእሳቸው ሕጉ በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ነው። ሽምብራ ቂጣቸውን ይጋግራሉ፤ ምራታቸው ሩዟን ትቀቅላለች፤ ማዕዱ አንድ ነው።

ስለ ጤፍ ካነሣሁ አይቀር፣ እማማ ሲመጡ በእስራኤል አይገኝም ነበር። ለዓመታት እንጀራ የሚጋገረው ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት ነበር፤ ይበላል፣ ግን አያጠግብም ይሉታል። በኋላ ጤፍ ከኢትዮጵያ መግባት ጀመረ፤ በእስራኤልም ተዘራ። አሁን ረሆቮት ውስጥ ከሐበሻ ሱቅ ጤፉም በርበሬውም ጌሾውም ይገዛል።

ሐኑካንና ፑሪምን እማማ የተማሩት ከልጆች ነው። የሐኑካ መብራት የሚታሰብለት የመቃብያን ድል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የሆነ ነው፤ ቤተ እስራኤል ዘንድ አይከበርም ነበር። ጾመ አስቴርን ይጾሙ ነበር፤ በፑሪም ጭንብል አድርጎ መጨፈር ግን አያውቁም። ልጆቹ ከመዋዕለ ሕፃናት የወረቀት መቅረዝ ይዘው ሲመጡ አያቲቱ ተቀምጠው ይማራሉ። ሁልጊዜ አስተማሪ የነበረች ሴት ከአምስት ዓመት ልጅ በዓል ስትማር ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይገለበጣል። ልጆቹ የሚያውቁት ዕብራይስጥ ነው፤ የእማማ ዕብራይስጥ ለገበያና ለሐኪም የሚበቃ ነው። መካከል ላይ ያለው ትውልድ እያስተረጎመ ይኖራል፤ ሲደክመው ዝም ይላል።

ያ ግልብጥ የሚቃናበት አንድ ቀን ስግድ ነው። በዕብራውያን አቆጣጠር የሐሽዋን ወር 29ኛው ቀን፣ ከአስተሥርዮ፣ ከስርየት ቀን፣ በኋላ 50ኛው። አባቶች በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ሕጉ ተነቦለት ኪዳኑን ያደሰበትን ቀን ያስባሉ። በአምቦበር ከየመንደሩ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ እየጾመ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል፤ ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾሙን በዳቦና በጠላ ይፈታሉ። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። አሁን ኢየሩሳሌም ውስጥ አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው፣ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል በሚያሳየው ስፍራ ይከበራል። ቄሶቹ በባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ያነባሉ፤ አውቶቡሶች ከመላ አገሪቱ ሰው ያመጣሉ።

ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን የሚለው ምሕላ ኢየሩሳሌም ውስጥ ለምን ይደረጋል ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቄሶቹ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። የወታደር ልብስ የለበሱ ልጆች አያቶቻቸውን ደግፈው ዳገቱን ያወጣሉ፤ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ የቄሱን ንባብ ይጠይቃሉ። አያቶቹ ከግዕዙ ሁሉን ባይረዱም ዝማሬውን፣ የሚሰገድበትን ቦታ፣ እጅ የሚዘረጋበትን ጊዜ ያውቁታል። በዚያ ቀን መንገድ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ጾሙ ሲፈታ ከየከረጢቱ የሚወጣው ዳቦ ሁሉ የአንዲት አያት ነው፤ የአንዷንም ዳቦ ሌላዋ ቀምሳ ፍርዷን ትሰጣለች፤ ጨው አንሶታል፣ እሳቱ በርትቶበታል፣ ይቺስ የሰሜን ሴት አጋገር ናት።

ከስግድ በኋላ ባለው ዐርብ እማማ ቤት ነበርኩ። በጦር ሠራዊት የሚያገለግለው የልጅ ልጃቸው የልብስ ከረጢቱን እንደተሸከመ ገባ፤ ጉንጫቸውን ስሞ ሳይቀመጥ፣ አንዲት ልጅ እንዳለች ነገራቸው። ወላጆቿ የሚኖሩት አሽዶድ ነው፤ ከጭልጋ የመጡ ናቸው። እማማ ማማሰያውን አስቀመጡ።

በቤተ እስራኤል ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ተማሪ ቤት ወይም ጦር ሠፈር ተገናኝተው የሚዋደዱ ወጣቶች ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከወደዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲቪል መዝገብ የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። እማማ የልጅቷን አያት ስም ጠየቁ፤ ልጁ በስልኩ ጽፎ ጠየቀና ነገራቸው። የአያቷን አባት ጠየቁ። እሱም መጣ። እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው የራሳቸውን ወገን፣ በሌላው የእሷን ይዘው፣ ጣት እያጠፉ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ስሙ የእሳቸውም ቅድመ አያት ስም ነው።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። እማማ ስልኩን ተቀብለው ኔታንያ ላሉ አንድ ሽማግሌ አስደወሉ፤ አልተነሣም። ለእኅታቸው ልጅ ወደ ቤር ሸባ አስደወሉ፤ እሷ የምታውቀው እስከ አራተኛው ነው። ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ገብታለች። ልጁ አንዴ ብቻ ደግሜ ልደውል አለ። «አይሆንም፤ ሰንበት ገብታለች» አሉት፤ ስልኩንም ከእጁ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ያን ምሽት ዳቦው ተቆረሰ፣ ወጡ ተበላ፣ ማንም ስለ ልጅቷ አላነሣም። ቅዳሜ ሰንበት ወጥታ ሦስት ኮከብ ሲታይ መጀመሪያ የተከፈተው መሳቢያው ነው። የኔታንያው ሽማግሌ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ። ረጅም ሳል ሳሉና ሁለት ሰዎች ናቸው አሉ፤ ስማቸው አንድ ነው፣ አንዱ የጭልጋ ሌላው የወገራ፤ የወገራው አንድ ዓይና ነበር፣ ልጅም ሳይወልድ ነው የሞተው። እማማ የእሳቸው ቅድመ አያት የትኛው እንደሆነ ማመሳከር ነበረባቸው፤ ከወገናቸው የወገራ ሰው ማንም እንደሌለ፣ የእሳቸው ሰው ከወደ ደምቢያ የመጣ ሦስተኛ ሰው እንደሆነ ሁለቱም እየተቀባበሉ አረጋገጡ። ልጁ ከአማርኛው ግማሹን ብቻ እየተረዳ በእያንዳንዱ ስም ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር።

«ሰባት ቤት ሞልቷል» አሉ እማማ ስልኩን ሲመልሱለት። ከዚያ ወደ በኩር ልጃቸው ዞረው፣ ወደ አሽዶድ የሚላኩት ሽማግሌዎች ሦስት እንዲሆኑ፣ ከሦስቱም አንዱ ዕብራይስጥ የሚችል እንዲሆን አዘዙ።